ሥራዋ ሲሄድ ከተማ ምን ይቀራታል? ከወረኢሉ እስከ ኩታበር፦ ስለ አገር ልጅነት ኩራት የቀረበ ትምህርት



ጀመዓችን ለአዲስ ተማሪዎች ባዘጋጀው የትውውቅ ፕሮግራም ላይ ሁላችንም በተራ ስማችንን፣ ዲፓርትመንታችንንና የመጣንበትን ቦታ ተናግረን ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ «ከደሴ» አልኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ወንድምም «ከደሴ» አለ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ «ደሴ የት ሰፈር?» ብዬ ጠየቅኩት። አፈር ብሎ «እውነቱን ለመናገር ኩታበር ነኝ» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ እኔም የኩታበር ልጅ ነኝና።

ሁለት የኩታበር ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ከትልቁ ከተማ ስም ጀርባ ተደብቀን ነበር። ነገሩ በሳቅ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቆየ። የተወለድንበትን ከተማ ስም ለመጥራት ለምን አፈርን? ያፈርነው ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ነው ወይስ ለእሷ ያደረግነው ነገር ስለሌለ? የዛሬው ትምህርት ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፦ ከተሞች ለምን ይደክማሉ፣ በአገር ልጅነት መኩራት በዲናችን እንዴት ይታያል፣ ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

1. ከተማ የሚቆመው በሥራው ነው

በዚህ ጉዳይ ላይ ቀድመው ካሰቡ ዑለሞች አንዱ ኢብን ኸልዱን ነው። በ732 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1332) ቱኒስ ውስጥ ተወለደ። ወጣት ሳለ ታላቁ ወረርሽኝ ወላጆቹንና ብዙ መምህራኑን ወሰደበት። ሰው የሞላባቸው ከተሞች ባዶ ሲሆኑ በዓይኑ ያየ ሰው ነውና «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ ከተሞች እንዴት እንደሚያብቡና እንዴት እንደሚጠወልጉ በሰፊው መረመረ።

ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። የእጅ ሙያ የሚያድገው ፈላጊ ሲኖረው ነው። ከተማ የቤተ መንግሥት መቀመጫ ሲሆን ፈላጊው ይበዛል፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ግንበኛውና ነጋዴው ይሰበሰባል። መንግሥቱ ሲወድቅ ወይም መቀመጫውን ሲቀይር ፈላጊው ይሄዳል፤ ባለ ሙያው ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ የከተማው ዕድል በአንድ ነገር ይወሰናል፦ በዙሪያው ያለው ገጠር ሕዝብና ምርት እየላከ ሊያኖረው ይችላል ወይስ አይችልም?

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ከተማ የሚደክመው ሕዝቡ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የሥራው መሄድ ነው፤ ድህነቱና ተስፋ መቁረጡ ኋላ ይመጣሉ።

2. የራሳችን ምስክሮች

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለችውን ወረኢሉን እንውሰድ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቆረቆሯት የጦር ከተማ ናት። በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የዐድዋ ክተት ሲታወጅ የሸዋ ጦር እንዲገናኝ የተቀጠረው በወረኢሉ ነበር። ያን ጊዜ ወረኢሉ ስንቅ የሚከማችባት፣ ሠራዊት የሚያርፍባት፣ ወሬ የሚሰማባት ቦታ ነበረች። በኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ አዲስ አበባ ጸና። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋናው የመኪና መንገድም በደብረ ሲና፣ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል አለፈ። ወረኢሉ አልጠፋችም፤ ዛሬም ገበያዋ ይቆማል። ያንን የመሰለ ሥራ ግን አላገኘችም።

ሁለተኛዋ ምስክር ባቲ ናት። የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ያገናኛል። ከአሰብ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚመጣው የቀድሞ መንገድ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ ነበር። በኋላ ሚሌን ከአዋሽ የሚያገናኘው መንገድ ሲሠራ የከባድ መኪናው ፍሰት ወደዚያ አዘነበለ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አሰብ ለእኛ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ በጅቡቲ ሆነ። አንድ መንገድ ሲዞር ወይም አንድ ወደብ ሲዘጋ ጥፋት ያልሠራ ሻይ ቤት፣ ጎሚስታና አልቤርጎ ሁሉ ደንበኛ ያጣል።

ሦስተኛዋ ራሷ ደሴ ናት። እኛ ተደብቀንባት የነበረችው ከተማ እሷም የራሷ ቁስል አላት። ለረጅም ዘመን የመላው ወሎ መዲና ነበረች። በ1980ዎቹ የአስተዳደር ወሰኑ እንደ አዲስ ሲካለል የቀድሞው ወሎ ተከፋፈለ፤ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ሆነ፤ ደሴም የዞን ከተማ ሆነች። ከቢሮው ጋር ሠራተኛው፣ ባለ ጉዳዩና ገንዘቡም ቀነሰ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ለወጣቶች ተስፋ የሆነው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጉዳት ደረሰበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ወጣች። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ውሳኔ እዚህ ልብስ በምትሰፋ እህታችን ደመወዝ ላይ የሚያርፍበት ዘመን ላይ ነን።

3. በቅርበት መድከም፣ በርቀት መድከም

ወደ ትንንሾቹ እንምጣ። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በቅርብ ርቀት ላይ ናት። መካነ ሰላም ግን በምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የቦረና ምድር ላይ ያለች የሩቅ ከተማ ናት። ሁለቱ የሚቸገሩት በተቃራኒ ምክንያት ነው።

ኩታበርን የሚያደክማት ቅርበቷ ነው። ትልቅ ጉዳይ ያለው ሁሉ ደሴ ይሄዳል። የሙሽራ ልብስ የሚገዛው ከደሴ ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማሩም እንዲሁ። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ ከሰዓት የሚመለስ ሰው ብሩን እዚያው ትቶ ይመጣል። መንገዱ በተሻሻለ ቁጥር ጉዞው ይቀላል፤ የኩታበር ሱቅ ግን ከደሴ ሱቅ ጋር ይበልጥ ይወዳደራል። መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚያስኬድ መዘንጋት የለብንም።

መካነ ሰላምን የሚያደክማት ደግሞ ርቀቷ ነው። የሩቅ ከተማ ልጅ ከወጣ አይመላለስም፤ እዚያው ይቀራል። ከደቡብ ወሎ ደጋ ስንቱ ወጣት በባቲና በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ እንደተጓዘ ሁላችንም እናውቃለን። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የየቤቱ ታሪክ ነበር። የሄደው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ሥራ አልነበረም፤ ብዙዎችም ዳግመኛ ተጓዙ።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች አሉት። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፤ ስሙ «የአውሊያዎች ኮረብታ» ማለት ነው። ቀድሞ ደረሳ ኪታብ ሊቀራ እግሩ እስኪቆስል ይጓዝበት ወደነበረው ደጋ ዛሬ ከየክልሉ ተማሪ ይመጣል። ይህ ለከተሞቹ አዲስ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ተመርቆ ብቻ ከሄደ ለከተማው የሚተርፈው ኪራይ ብቻ ነው። የአካባቢውን ውኃ፣ አፈርና ገበያ አጥንቶ መፍትሔ ካመጣ ዒልም ይተርፈዋል።

4. ከእንግሊዝ ሰሜን የተገኘ ትምህርት

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ያሉት በርንሊ፣ ብላክበርን፣ ኦልድሃምና ብራድፎርድ በአንድ ወቅት ዓለምን ጨርቅ ያለበሱ ከተሞች ነበሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌሎች አገሮች ራሳቸው መፍተልና መሸመን ሲጀምሩ ገበያቸው እየጠበበ ሄደ። ጋንዲ ሕንዳውያን የውጭ ጨርቅ እንዳይገዙ ሲቀሰቅስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደዚያው ሄዶ የላንክሻየርን ሠራተኞች ጎበኘ፤ ሥራቸውን ያጡት ሰዎችም በአክብሮት ተቀበሉት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አጡና ከፓኪስታንና ከሕንድ ሠራተኛ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የማንግላ ግድብ ሲሠራ የቀድሞዋ የሚርፑር ከተማ በውኃ ተዋጠች፤ ከአንድ መቶ ሺህ የማያንስ ሰው ተፈናቀለ። ከእነሱ ብዙዎቹ ብራድፎርድና አካባቢው ገቡ። የሰጠመች ከተማ ልጆች ልትደክም ወደተቃረበች ከተማ ሄዱ ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ግን ሙስሊሞቹ አልሄዱም። ሱቅ ከፈቱ፣ ታክሲ ነዱ፣ ተራ ቤቶችን መስጂድ አደረጉ፣ ልጆቻቸውን እዚያው አሳደጉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብረው የሠሩ ነጮችና እስያውያን፣ ፋብሪካው ሲዘጋ በተለያየ ሰፈርና በተለያየ ትምህርት ቤት ተለያይተው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኦልድሃም፣ በበርንሊና በብራድፎርድ ግጭት ተነሣ። ሥራውን የወሰደውን ነገር ማየት ሲያቅት ጎረቤትን መውቀስ ይቀላል።

ሁለተኛው ተስፋ ነው። ቡሪ የተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተና የኤፍ ኤ ካፕን ሁለት ጊዜ ያነሣ የእግር ኳስ ክለብ ነበራት። በ2019 ክለቡ በገንዘብ ቀውስ ከሊጉ ተሰረዘ። ደጋፊዎቹ በማልቀስ ብቻ አልተመለሱም። ተደራጁ፤ ከመንግሥትና ከሌሎችም ድጋፍ አግኝተው ስታዲየሙን ገዙ፤ በ2023 የቡሪ ስም ወደ ሜዳው ተመለሰ። ክለቡ ትልቅ አልሆነም፤ ነገር ግን የእነሱ ነው።

5. በመንገድ ላይ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ኒዕማ ናቸው

አሁን ወደ ቁርኣን እንመለስ። ሱረቱ ሰበእ የሰበእ ሰዎችን ታሪክ ይነግረናል። በቀኝና በግራ አትክልት የሞላበት መልካም አገር ነበራቸው። ሳያመሰግኑ ሲቀሩ የግድቡ ጎርፍ መጣባቸው። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። አላህ (ሱ.ወ) በእነሱና በተባረከው ምድር መካከል ጎልተው የሚታዩ፣ ጉዟቸው የተመጠነ ከተሞችን አድርጎላቸው ነበር፤ መንገደኛው ሌሊትም ቀንም ያለ ስጋት ከአንዱ ወደ ሌላው ይደርስ ነበር። እነሱ ግን ይህን ቅርበት ናቁ፤ የጉዟችንን ርቀት አርዝምልን አሉ። መጨረሻቸው መበታተንና የሰው ወሬ መሆን ሆነ።

እስቲ ይህንን ለራሳችን እናስተንትን። ከኒዕማዎቹ መካከል የተቆጠሩት ግዙፍ መዲናዎች አይደሉም፤ በመንገድ ላይ ያሉ፣ መንገደኛን የሚያሳድሩ፣ እርስ በእርስ የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። ኩታበርን የመሰሉ ከተሞች ማለት ነው። ለገበሬው እህሉን የሚሸጥበት፣ ለነፍሰ ጡሯ ፈጥና የምትደርስበት፣ ለተማሪው የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ እነሱ ናቸው። እነዚህ ባዶ ሲሆኑ የገጠሩ ጉዞ ይረዝማል። የተመረቀ ሁሉ «አዲስ አበባ ካልሆነ» ሲል የሰበእ ሰዎችን ልመና ሳያውቀው እንዳይደግም እሰጋለሁ።

6. ኩራትና ዐሰቢያ

አገርን መውደድ በዲናችን ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ለእሷ ያላቸውን ፍቅር ተናግረዋል፤ ሕዝቧ ባያስወጣቸው ኖሮ ሌላ ቦታ እንደማይኖሩ ገልጸዋል። ከጉዞ ሲመለሱ የመዲና ግድግዳዎች ሲታዩዋቸው ከፍቅር የተነሣ ግመላቸውን ያፋጥኑ ነበር። ሶሐቦች መዲና ውስጥ በትኩሳት ታመው መካ ስትናፍቃቸው፣ ነቢዩ መዲናን እንደ መካ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸውና በመስፈሪያዎቿ፣ በሷዕና በሙዷ፣ በረካ እንዲያደርግ አላህን ለመኑ። ከተማን የመውደድ ዱዓ የገበያ መስፈሪያዋን ጭምር የነካ ዱዓ ነበር።

የተከለከለው ዐሰቢያ ነው። በአንድ ዘመቻ ላይ አንድ ሙሃጂርና አንድ አንሷር ተጣልተው እያንዳንዳቸው ወገናቸውን ሲጠሩ ነቢዩ ያንን ጥሪ የጃሂሊያ ጥሪ፣ የሚከረፋ ነገር ብለው አስተውተዋል። ልብ በሉ፤ ሙሃጂርና አንሷር የሚሉት ስሞች በቁርኣን የተወደሱ ናቸው። ያማረው ስም እንኳ ሌላውን ለመግፊያ ሲውል ይከረፋል።

የእኛ የወሎዎች ፈተና ደግሞ ሌላ መልክም አለው። ስለ ወሎ ብዙ ይባላል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ስለ መንዙማችን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ስለሚኖርበት ባህላችን፣ ስለ አበጋሮቻችን ሽምግልና እናወራለን። መልካም ነው። ነገር ግን በውዳሴ ብቻ የሚኖር ኩራት ድካሙን ይሸፍናል፤ የታሪኩንም ከባድ ገጽ ያስረሳል። ቦሩ ሜዳ በአካባቢያችን ነው። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የተወሰነው በዚያ ጉባኤ ነበር። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሳሰሉ ዑለሞች ተቃወሙ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ዒልሙ ግን ከደረሳ ወደ ደረሳ እየተላለፈ ቆየ። ዛሬ በወሎ ያለው አብሮ መኖር ከዚህ ሁሉ በኋላ ተሠርቶ የተገኘ ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ተሠርቶ የተገኘ ነገር ደግሞ ካልተጠበቀ ይፈርሳል። የቂም መዝገብ ለመክፈት አይደለም ይህን የማነሣው፤ ኩራታችን እውነት ላይ እንዲቆም ነው።

7. ከኩራት ወደ ሥራ

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲገባ ባዶ እጁን ነበር። አንሷሩ ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍለው ሲያቀርብለት በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ። ቅቤና የደረቀ አይብ በመሸጥ ጀመረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 በዚያው በሰሜን እንግሊዝ፣ ሮችዴል በተባለች የሸማኔዎች ከተማ፣ 28 ድሆች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ አጃና ሻማ ይሸጡ ነበር። መመሪያቸው ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን መሸጥና ትርፉን በገዙት መጠን ለአባላት ማካፈል ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መነሻቸውን ከእነሱ ይቆጥራሉ።

እኛ ለመደራጀት እንግዳ አይደለንም። ቅሬ አለን፤ ዕቁብ አለን፤ ደቦና ወንፈል አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ጥሪ መቃብር የሚቆፍርና ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ቅሬ፣ በሕይወት ላለው ወጣት ሥራ መጠንሰስ ያቅተዋል? ስለዚህ ከዚህ ዓመት እረፍት ጀምሮ ልናደርጋቸው የምንችላቸውን አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የከተማችንን ስም በግልጽ እንጥራ። «ከየት ነህ?» ስንባል ኩታበር፣ ተንታ፣ አቀስታ፣ ወረኢሉ፣ መካነ ሰላም እንበል። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጥናታችንን ርዕስ ከዚያው እንምረጥ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የገበያውን ቀን ያጥና፤ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የጎርፍ መውረጃውን፤ የጤና ተማሪ የእናቶችን ጉዞ። ሦስተኛ፣ በክረምት በየመስጂዳችን ለአሥረኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እንስጥ፤ በሩም ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ክፍት ይሁን። አራተኛ፣ ስንመረቅና ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን ትንሽም ብትሆን ለከተማችን ወቅፍ እንመድብ፤ ለመጻሕፍት ቤት፣ ለውኃ ቦኖ ወይም ለአንድ ተማሪ የትራንስፖርት ወጪ።

ሁላችንም ተመልሰን እዚያ እንኑር ማለቴ አይደለም። ሂጅራም በዲናችን አለ፤ ሪዝቅ ፍለጋ መውጣትም የተፈቀደ ነው። ወጥቶ መሥራትና ወጥቶ መካድ ግን ይለያያሉ።

ለሐለቃ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. የትውልድ ከተማህን ያቆመው ሥራ ምንድን ነው? ያ ሥራ ቢሄድ ምን ይቀራታል?
ለ. በሱረቱ ሰበእ ከተጠቀሱት ከተሞች ጋር የሚመሳሰል ቦታ በአካባቢሽ አለ? ማን ይጠቀምበታል?
ሐ. በአገር ልጅነታችን የምንኮራው መቼ ነው ወደ ዐሰቢያ የሚለወጠው? ከግቢያችን ምሳሌ ስጡ።
መ. የሰፈራችሁ ቅሬ ከቀብር ውጭ ምን ሊሠራ ይችላል? ለአዛውንቶቹ ሐሳቡን እንዴት ታቀርቡታላችሁ?

ያ ከጎኔ ተቀምጦ የነበረው ወንድም አሁን የዶርም ጓደኛዬ ነው። ባለፈው እረፍት ከደሴ መናኸሪያ አብረን ተሳፈርን። ረዳቱ «የት ናችሁ?» ሲለን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ «ኩታበር!» አልን። ረዳቱ ምን እንዳሳቀን አልገባውም።

አላህ (ሱ.ወ) ከተሞቻችንን ሰላም ያድርግልን፤ በገበያቸውና በመስፈሪያቸው በረካ ይጨምርልን፤ ከሚጠቅሟቸው ልጆቻቸውም ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።